የገጽ አሥራ አራቷ ጨረቃ

ሠዓሊዋ ለዶሮዋ መነጽር ያደረገችላት ለውበት ብላ አይደለም፤ ተናዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማተሚያ ቤቱ ልጆች ሒሳብና ሳይንስ ሲባል እንዳይሸሹ የሚያደርግ ባለሥዕል መጽሐፍ ሊያወጣ ተነሣ። ርእሱ «ጨረቃ ስንት ቀን ታርፋለች?» የሚል ነው። ባለታሪኳ መቁጠር የምትወድ ዶሮ ስትሆን፣ ጨረቃ ከምትወለድበት ምሽት አንሥታ እስክትጠፋ ድረስ ቀኖቹን እየቆጠረች ልጆቹንም ታስቆጥራለች። ጽሑፉን የጻፈው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ባሕር ማዶ ዘጠኝ ዓመት ተምሮ የተመለሰው የፊዚክስ መምህር ነው። ሥዕሉን እንድትሥል የተቀጠረችው ደግሞ እዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ መጽሐፍ ሲሰፋ የኖረው ጠራዥ ልጅ ናት። እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ምድር ቤት። በመሀላቸው ያለው ደረጃ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ዶሮዋ ብትኖር ትቆጥረው ነበር።

መምህሩ የመጀመሪያውን ሥዕል ሲያይ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዶሮ ከመሸ አታይም» ብሎ ጻፈ። ሦስት ቃል ብቻ። ጎሽ የለ፣ እባክሽ የለ።

ሠዓሊዋ እርሳሷን ነከሰች። ዶሮዋን መልሳ አወጣችና ክብ መነጽር አደረገችላት፤ ክፈፉ ጥቁር፣ አንደኛው እጀታው በፕላስተር የተጠገነ፣ ቁርጥ የእሱን። ከሥሩም «አሁንስ ታያለች?» ብላ ጽፋ መለሰችለት።

ያን ቀን ከሦስተኛ ፎቅ የተሰማው ሳቅ ደረጃውን ይዞ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ወረቀት አጣፊዎቹ ሴቶች እጃቸውን አቁመው «ኧረ ቀይ እስክሪብቶ ሳቀ!» ተባባሉ። በዚህ ስም ነበር የሚጠሩት፤ እሱ ባለበት ግን ማንም ደፍሮ አያነሣውም።

ከዚያ ወዲያ የመጽሐፉ ኅዳግ ራሱ መጽሐፍ ሆነ። እሱ በቀይ፣ እሷ በእርሳስ። «ገጽ ዘጠኝ፦ ጽሑፉ ሃያ ስምንት ኮከብ ይላል። የሣልሽው ሃያ ሰባት ነው።» «ሃያ ስምንተኛዋ ዶሮዋ ክንፍ ሥር ተደብቃለች። ልጆቹ ይፈልጓት።» «ሁለት ሰዓት ፈለግኋት። አገኘኋት።» ከዚህም ዝቅ ብሎ፣ ጉንዳን በምታክል ጽሕፈት፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?»

ሻዩን ጠጡ። ሰው ሻይ ሲጠጣ አብሮ የሚጠጣው ሌላ ነገርም አለ። በሁለተኛው ሳምንት «እርስዎ» ቀረና «አንተ» መጣ። በሦስተኛው ወር ደረጃው ላይ ሲተላለፉ እሱ ግድግዳውን፣ እሷ ጫማዋን ያያሉ፤ ሁለት ደረጃ እንደተላለፉ ደግሞ ሁለቱም እኩል ዞር ይላሉ። ሠዓሊዋን ብትጠይቋት «የሥራ ጉዳይ ነው» ትላለች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ትራሷን አቅፋ ብቻዋን ትስቃለች። እንዲህ ዓይነት ደስታ እንዳለ ማንም ቀድሞ አልነገራትም ነበር።

*

ገጽ አሥራ አራት ላይ አዲስ ጨረቃ ትወለዳለች። ሠዓሊዋ ይህችን ጨረቃ ከየትም መጽሐፍ አልቀዳቻትም። ከአባቷ ጋር የማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ የውኃ ታንከሩን ተደግፋ፣ ሦስት ተከታታይ ምሽት ፀሐይ እንደጠለቀች አይታታለች። ቀጭን ናት። ደግሞም በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ሁለቱን ጫፎቿን ወደ ላይ ቀስራ ነው የምትታየው፤ ውኃ ላይ ያለች ታንኳ ትመስላለች። እንደዚያው ሣለቻት። ዶሮዋም ከሥር ቆማ፣ መነጽሯን አስተካክላ፣ ልትሳፈርባት ያሰበች ትመስላለች። ከሥዕሎቿ ሁሉ የምትወደው ይህን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን ሥዕሎቹን እንዲያዩ በባለቤቲቱ ቢሮ ተሰበሰቡ። ባለቤቲቱን ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። እትዬ መነጽሯ በሰንሰለት ደረቷ ላይ የሚወዛወዝ፣ የወረቀት ውፍረት በጣቷ ዳብሳ የምታውቅ፣ ስትቆጣ የማተሚያው መኪና እንኳ ድምፁን የሚቀንስላት ሴት ናት።

ገጽ አሥራ አራት ሲደርስ አንዱ ርእሰ መምህር «ይቺ ጨረቃ ምነው ተኛች? ደክሟት ነው?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። አላሰበበትም። እጁ ልማዱን ሠራ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ወጣና ጨረቃዋ ላይ ትልቅ ኤክስ አሰመረባት። «ስህተት ነው» አለ። «አዲስ ጨረቃ ቆማ ነው የምትታየው። የትኛውንም መጽሐፍ መመልከት ይቻላል።»

«እኔ ግን ሦስት ምሽት ተኝታ ነው ያየኋት» አለች ሠዓሊዋ። ድምጿ ቀጠነባት።

እትዬ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ሳትቆጣም፣ እንደ ቀላል ነገር «የጠራዥ ልጅ ወረቀት ብታጥፍ ነው የሚያምርባት። ሰማዩን ለተማረ ተይለት፣ ልጄ» አለች።

ሠዓሊዋ ወደ እሱ አየች። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። «ተይ እማዬ» ቢል እንኳ ይበቃት ነበር። እሱ ግን የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ከፈተ። ዝም አለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። እሷ ሆድ ውስጥ የገባው ዝምታ ግን በአንድ ቀን ነቀዘ።

ያን ምሽት ብቻዋን ጣሪያው ላይ ወጣች። ጨረቃ የለችም፤ ወሩ እያለቀ ስለሆነ የምትወጣው አገር ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ምስክሯ በሌለችበት ሰማይ ሥር ቆማ «ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት?» አለች ለራሷ። ስድቡ ሳይሆን ይኼ ነበር የከፋት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያላት ሀብት ዓይኗ ብቻ ነው፤ አሁን እሱንም ተጠራጠረችው።

በማግስቱ የኮምፒውተሩ ባለሙያ ጨረቃዋን አዙሮ አቆማት። ሠዓሊዋ የቀሩትን ሥዕሎች ጨርሳ ስትልክ ኅዳጉ ላይ «እርስዎ እንዳሉት ተስተካክሏል» ብላ ጻፈች። «እርስዎ» የሚለውን ስትጽፍ እርሳሷ ተሰበረ። ሌላ ቀርጻ ጨረሰችው።

እሱ ሦስት ደብዳቤ ላከ። አባቷ እያመጣ ሰጣት፤ እሷ ሳትከፍት የሙጫው መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። «አንብቢው እንጂ፤ ደብዳቤ እኮ አይናከስም» ሲላት፣ «አባዬ፣ ስድቡ በሰው ፊት ነበር» አለችው። «ይቅርታው ለምን በደረጃ ሥር ይላካል?»

በሌላ ከተማ የማስታወቂያ ታፔላ መጻፊያ ቤት ያላት አክስቷ «እጅሽን ይዘሽ ነይ» ብላታለችና ሠዓሊዋ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣ ነበር፤ ለቅዳሜ ጠዋት። ትኬቱን ሁለቴ ገልብጣ አየችው፤ ቢሆንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብሩሾቿን ልትወስድ ምድር ቤት ወረደች። ሁለት ሺው መጽሐፍ ተጠርዞ አልቋል፤ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ሰኞ ወደየትምህርት ቤቱ እስኪሄድ ይጠብቃል። ሽፋኑ ላይ ሁለት ሺህ መነጽር ያደረጉ ዶሮዎች አፍጥጠው ያዩዋታል።

«ብሩሾቼስ አባዬ?»

«ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌያቸዋለሁ፤ ሙጫ ነክቷቸዋል። እስኪለቅ ተቀመጪ።»

«ሙጫ ማን አስነካቸው?»

«እኔ» አለ ጠራዡ ዓይኑን ሳይሰብር።

አጣፊዎቹ በመሀረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሠዓሊዋ ልትቆጣ ፈልጋ አልሆነላትም፤ አባቷ ልጁን ለአንድ ሰዓት ለማቆየት የገዛ ሙጫውን መሣሪያ ያደረገ ሰው ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የተማረ ይግደለኝ እል ነበር» አለ ጠራዡ መርፌውን ክር እያጎረሰ። «እውነትም ሊገድለኝ ነው። ሳምንት ሙሉ እዚህ በር ላይ ይመጣል፣ ሊያንኳኳ እጁን ያነሣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ሃምሳ ሁለት ደረጃ ወርዶ አንድ በር ማንኳኳት ያቃተው ሰው ብታዪ አንቺስ አታዝኚለትም?»

መልስ ሳትሰጠው በሩ ተንኳኳ። ከዚያም ተከፈተ።

መምህሩ ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ቀለም ሆኗል፣ መነጽሩ ተንጋድዷል፣ የጫማ ካርቶን ታቅፏል። አንዴ አያትና መሬት መሬት አየ። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። ውስጡ መዳፍ የምታክል ብጣሽ ወረቀት በሽበሽ ነው።

«እህቶቼ» አለ ለአጣፊዎቹ፣ «ከእነዚህ አንድ አንድ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ገጽ አሥራ አራት ላይ አስገቡልኝ።»

የመጀመሪያዋን ያነሣችው አጣፊ አነበበችና አፏን ያዘች። «እርማት ነው!»

በዚያ ማተሚያ ቤት ይህ ቃል ተራ ቃል አይደለም። እትዬ ስህተት ያለበት ወረቀት ከተገኘ ሌሊቱን አስነድዳ እንደገና ታሳትማለች እንጂ የእርማት ብጣሽ ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። «እርማት ያለበት መጽሐፍ ቁልፉ የረገፈ ሸሚዝ ነው» ትላለች። አሁን ደግሞ መጽሐፉ አልቋል፣ ጊዜውም አልቋል፣ ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ሺህ እርማት አለ።

ወሬ ከማተሚያ መኪና ይፈጥናል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የእትዬ ጫማ ደረጃው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ተሰማ። ምድር ቤት ከወረደች ስንት ዓመቷ ነው?

«አርባ ዓመት!» አለች ገና በሩ ላይ ሳለች። «አርባ ዓመት ከዚህ ቤት አንድ እርማት አልወጣም! ማነው ያተመው?»

«እኔ» አለ ልጇ። «በአሮጌዋ የእጅ ማተሚያ። ለዚህ ነው እንዲህ የሆንኩት።» ቀለም የሆነ እጁን አሳያት።

«ምንድነው የሚለው?»

አነሣና አነበበው። ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምረው ጮክ ብሎ ጀመረ፤ መሀል ላይ ግን ድምፁ ሸሸው። «እርማት። በገጽ አሥራ አራት ላይ አዲስ ጨረቃ ቆማ ትታያለች። በእኛ ሰማይ አዲስ ጨረቃ በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትታየው። ሠዓሊዋ አይታ በትክክል ሥላት ነበር። ያበላሸው ጸሐፊው ነው፤ ሳያይ አረመ። ውድ አንባቢ፣ ከማረምህ በፊት ቀና በል።»

ሠዓሊዋ የተቀመጠችበትን ወንበር ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

«ማን ነገረህ?» አለች እትዬ።

«ጥርሷ የወለቀ የሁለተኛ ክፍል ልጅ። ማክሰኞ የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ ክፍላቸው ገባሁ። ገጽ አሥራ አራት ስደርስ እጇን አወጣችና ‹መምህር፣ ጨረቃዋ ለምን ቆመች? አትወድቅም?› አለችኝ። ጨረቃን ተኝታ ያየ እጁን ያውጣ አልኳቸው። አርባ ሦስት ልጅ ነበር። አርባ ሦስት እጅ ወጣ።» መነጽሩን በክርኑ ሊያስተካክል ሞክሮ ግንባሩን ቀለም አስነካው። «ትናንት ፀሐይ እንደገባች ጣሪያው ላይ ወጥቼ አየኋት። የተማርኩበት አገር ቆማ ነው የምትታየው፤ መጽሐፎቼም የዚያ አገር ናቸው። ከመጣሁ ወዲህ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም፣ እማዬ። ስለ ጨረቃ መጽሐፍ እየጻፍኩ።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ልጆች ናቸው፤ ማን ልብ ይለዋል?»

«ልጆች ስለሆኑ ነው። አንዲት ልጅ በዓይኗ ያየችውን መጽሐፍ ስህተት ነው ካላት ወይ መጽሐፉን ትጥለዋለች፣ ወይ ዓይኗን ትጠራጠራለች። ሒሳብና ሳይንስ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ነገር ይሆንባታል። አንድ ሰው ዓይኑን እንዲጠራጠር አድርጌአለሁ። አርባ ሦስት ልጆች ልጨምርበት አልችልም።»

ያን «አንድ ሰው» ሲል ወደ ሠዓሊዋ አላየም። እሷ ግን ጣሪያው ላይ ብቻዋን የቆመችበትን ምሽት ማንም ሳይነግረው እንዳወቀ ገባት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

እትዬ ብጣሿን ተቀብላ ጣቷ መሀል አሸት አሸት አደረገቻት። «ባላየሁት ነገር እርማት አላስገባም» አለች።

«እንግዲያው እንይዋ፣ እትዬ» አለ ጠራዡ መርፌውን ልብሱ ላይ እየሰካ። «ፀሐይዋ ልትገባ ነው።»

*

እንዲህ ሆኖ ማተሚያ ቤቱ በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጣ። እትዬ ፊት፣ መምህሩ ከኋላ፣ አጣፊዎቹ ተከታትለው፣ የኮምፒውተሩ ባለሙያ የቆመችውን ጨረቃ ገጽ ይዞ፣ ጠራዡ ጉልበቱን እየደገፈ። ሠዓሊዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ላለመውጣት ፈልጋ ነበር፤ እግሯ ግን አልሰማትም።

ፀሐይ ገባች። ምዕራቡ ብርቱካን መሰለ፣ ከዚያ ደበዘዘ። ሁሉም አንገቱን ሰግጎ አየ። ጨረቃዋ ልትኖርበት በሚገባው ቦታ ወፍራም ደመና ተዘርግቷል።

አሥር ደቂቃ ሆነ። አንዷ አጣፊ አስነጠሰች። ሃያ ደቂቃ ሆነ። «ትናንት እዚህ ጋ ነበረች» አለ መምህሩ እያመለከተ፤ ትናንትን በጣት ማሳየት እንደሚቻል ሁሉ። ሠዓሊዋ ስታየው አሳዘናት፤ ደግሞ ያሳዘናት ነገር አናደዳት።

«በቃ» አለች እትዬ። «ጉንፋን ሳይዘን እንውረድ። እርማቱን ሰብስቡ።»

«እትዬ» አለ ጠራዡ። «ቆዩ እንጂ። ድሮ ለአንዲት ጨረቃ እስኪጨልም ይጠብቁ አልነበር?»

እትዬ ቀጥ አለች።

«ምድር ቤቱ ሲሞቅ ወረቀታችንን ይዘን እዚህ ነበር የምናጥፈው» አለ ጠራዡ፣ ለእሷ ይሁን ለሌሎቹ ባልለየ ድምፅ። «ከመካከላችን ፈጣን አጣፊ እርስዎ ነበሩ። ጨረቃ ስትወጣ ‹ይኸው ጎድጓዳ ሳህኔ መጣ› ይሉ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት ወይስ እርስዎ?»

ወጣቶቹ ሠራተኞች ተያዩ። እትዬ ወረቀት አጥፋ ታውቃለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ልጇ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ደመናው ያኔ ከሥሩ መቀደድ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጫፍ ታየ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ ሁለቱም ወደ ላይ። ከዚያ ሙሉዋ ወጣች፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ በጀርባዋ የተንጋለለች ጨረቃ።

ሠዓሊዋ ያለፈው ወር ሥዕሏን ሰማይ ላይ ተሰቅሎ አየችው። አልተሳሳተችም ነበር። ከደረቷ ላይ አንድ ድንጋይ ሲነሣ ተሰማት፤ ያን ያህል ከብዶ እንደነበር የገባት አሁን ሲነሣ ነው።

እትዬ ደረቷ ላይ ያለውን መነጽር አንሥታ አደረገች። አየች። አወለቀች፤ ደግሞ በባዶ ዓይኗ አየች። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ባለሙያ ገጹን ተቀብላ ወደ ጎን አዞረችው፤ የቆመችው ጨረቃ ተኛች፣ ዶሮዋ ግን በጎኗ ወደቀች። አንዱ ሳቀ። እትዬም ሳቀች።

«ጎድጓዳ ሳህኔ» አለች በለሆሳስ። ወዲያው ድምጿን አጠራች። «ሁለት ሺውም ውስጥ ይግባ! ግን በዚህ ወረቀት አይደለም። ይሄ ምን ዓይነት ብጣሽ ነው? ጥሩውን ወረቀት አውጡ። እርማት ካወጣን አይቀር እንደ ሰው እናውጣ!» ወደ ሠዓሊዋ ዞረች። «እኔም አንድ እርማት አለብኝ፣ ልጄ። የኔን አላሳትመውም፤ እዚሁ በሰው ፊት ከአፌ ተቀበዪኝ። ወረቀት ማጠፍ ሰማይ ከማየት አይከለክልም። እኔ ከፍ ስል ማየቱን ተውኩ እንጂ።»

ሠዓሊዋ «ምንም አይደል፣ እትዬ» ልትል ነበር፤ ግን ቀላል ነገር አልነበረምና «አመሰግናለሁ» አለች። እውነተኛው ቃል እሱ ነበር።

ሰዉ ለመውረድ ሲነሣ መምህሩ ወደ እሷ ቀረበ። ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ፤ ይህቺ በእጅ የተጻፈች ናት፣ በቀይ። «ይህቺን ደግሞ… ስትወርጂ ብታነቢያት…»

«አልቀበልም» አለች።

ፊቱ ተለወጠ።

«ሦስት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አለኝ» አለች። «አራተኛ አልጨምርም። ያንብቡት። እዚሁ።»

ወራጁ ሁሉ ቆመ። አጣፊዎቹ ተመልሰው ወጡ። መምህሩ እናቱን አየ፣ ጠራዡን አየ፣ ጨረቃዋን አየ፤ የሚያድነው አላገኘም። ወረቀቱን ዘረጋው።

«እርማት ሁለት» ብሎ ጀመረ። «በዚያ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ ጸሐፊው ዝም ብሏል። ዝምታው ስህተት ነው። በዝምታው ቦታ የሚከተለው ይነበብ፦ ‹እሷ አየሁ ካለች አይታለች።›» ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደ። «እርማት ሦስት። ጸሐፊው ላለፉት ሦስት ወራት በየኅዳጉ ‹ሻይ ትጠጫለሽ?› እያለ ጽፏል። ይህ በፍርሃት የተደረገ ስህተት ነው። በየቦታው የሚከተለው ይነበብ…»

ቆመ። ወኔ ከድቶት ሳይሆን መነጽሩ በእንፋሎት ተሸፍኖበት ነው።

«ይነበባ!» አለች አንዷ አጣፊ ትዕግሥቷ አልቆ።

«‹እወድሻለሁ› ተብሎ ይነበብ» አለ።

የጮኸችው አጣፊ መሀረቧን ፈልጋ አጣችና እንባዋን በእርማት ብጣሽ ጠረገች። ጉንጯ ላይ «ቀና በል» የሚል ቀለም ቀረባት።

ሠዓሊዋ ወደ እሱ ተጠጋች። እጇን ዘርግታ ከደረት ኪሱ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘች። ነክታው አታውቅም ነበር። ከቦርሳዋ የአውቶቡስ ትኬቱን አወጣች፣ ውኃ ታንከሩ ላይ ዘረጋችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትልቅ ኤክስ አሰመረችበትና ከሥሩ ጻፈች፦ «ስህተት ነው። የትም አልሄድም።»

«ትኬቱ እኮ አይመለስም ብለዋል!» አለ ጠራዡ ከኋላ።

«አባዬ!»

«አይ፣ ለማለት ያህል ነው» አለና ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሠዓሊዋ መነጽሩን ከመምህሩ ፊት ላይ ቀስ ብላ አወለቀችው። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ፕላስተሩን ጠበቅ አደረገችው፣ መልሳ አደረገችለት። ግንባሩ ላይ ያለውን ቀለም ግን ተወችው፤ አምሮበታል።

«አሁንስ ታያለህ?» አለችው።

«አያለሁ» አለ። ጨረቃዋ ከኋላው ነበረች፤ ዞር አላለም።

እንዴት እንደሚያያት አየች። ዓይኗንም አልተጠራጠረችውም።